ለእማማ አሰፋሽ ያልተነበቡ ደብዳቤዎች

«መጀመሪያ ዘፈኑን» አሉ እማማ አሰፋሽ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሉት።

ፋና ሚሞሪውን ትንሿ ራዲዮ ውስጥ ከተተችው። አኮርዲዮን ጀመረ። ከዜማው ሥር የካሴቱ ክር ሲንሿሿ ይሰማል፤ መሐል ላይ ደግሞ ክሩ ተጎትቶ የዘፋኙ ድምፅ ዘቅዘቅ ይልና ተመልሶ ይቀናል። እማማ አሰፋሽ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አዳመጡ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ከተጋረዱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ከብርሃንና ከሰው ጥላ በቀር አያዩም። ጣቶቻቸው ግን በጉልበታቸው ላይ ይጨፍሩ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ፋና ደብዳቤውን ከፖስታው አውጥታ ማንበብ ጀመረች።

«እማማ አሰፋሽ፣ አካም ጂርቱ? እንዴት ነዎት? ይህን ካሴት ያገኘሁት ጋሽ ጂብሪል ሙዚቃ ቤቱን ሲዘጋ ከሰጠኝ ካርቶን ውስጥ ነው። አኮርዲዮኑ ሲጀምር ወንጂ ያለው ቤታችን ታየኝ። አባቴ አገዳ ሲቆርጥ ውሎ ሲመለስ ፊቱ ጥላሸት ነበር፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሚነጣው። እናቴ ‘ታጥበህ ግባ’ ስትለው እጇን ይዞ በሩ ላይ ያሽከረክራታል። ቀሚሷ በጥላሸት ይበላሻል። ትቆጣለች፤ እጇን ግን አታስለቅቅም።»

እማማ አሰፋሽ ሳቁ። «ልብስ ባሰጣን ቀን ነበር'ኮ ማሳውን የሚያቃጥሉት! ነጭ አንሶላ ላይ ጥቁር ላባ የመሰለ ነገር እየተንሳፈፈ መጥቶ ያርፋል። እፍ ስትይው ይረግፍና መስመሩን ያስቀራል። ይህን ጻፊለት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለመምጣቱስ ምን አለ?»

«ሥራ በዝቶበታል መሰለኝ እማማ። ምንም አላለም።»

«እንግዲህ ወጣት ነው» አሉ።

እሑድ ነበር። ያበባውን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አሠርተው ነበር የተቀመጡት። ከዘመን መለወጫ ወዲህ እሑድ እሑድ እንዲህ ነበር የሚቀመጡት። ፋና ደብዳቤውን አጠፈችው። ከታች ሦስት መስመር ሳይነበብ ቀርቷል። ያን ያህል ለምትወዳቸው አያቷ ዓይን ሆና ተቀምጣ፣ ለእሳቸው የተጻፈውን ደብቃ ስታጥፍ ወረቀቱ እሳት ሆኖ ያቃጠላት መሰላት።

*

ነገሩን የጀመረችው ሰሊማ ናት። ከፖስታ ቤት ጀርባ ያለችው ትንሽ የንባብ ቤት ኃላፊ ነች። «አንድ ዘፈን፣ አንድ ገጽ» ትለዋለች። ወጣቶች ለአንድ አረጋዊ የሚሆን የድሮ ዘፈን መርጠው በሚሞሪ ይገለብጣሉ፤ ዘፈኑ ያስታወሳቸውንም በእጃቸው አንድ ገጽ ይጽፋሉ። አረጋውያኑ ሰምተው የመጣላቸውን በገጽ ይመልሳሉ፤ መጻፍ ያልቻለ ያጽፋል። ስልክ የለም፣ አድራሻ የለም፣ የአባት ስም የለም። ፖስታውን የምታመላልሰው ሰሊማ ራሷ ናት።

ለእማማ አሰፋሽ የደረሳቸው ጋሮምሳ የሚባል ልጅ ነበር። ባጃጅ እንደሚነዳና ወንጂ እንዳደገ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፎ ነበር። እሳቸውም በወጣትነታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩና ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ። ፋና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አብራቸው ስትኖር ያልሰማችውን በአንድ ቀን ሰማች።

ጥፋቱ የጀመረው ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ነው። እማማ አሰፋሽ እያስጻፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ገጹ ግማሽ ላይ ቀረ። ፋና ብዕሯን እንደያዘች በአያቷ ስም እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ቤቱ በሰው የተሞላ ነው። ሁሉም ደህና ነሽ ወይ ይለኛል፤ መልሱን ቆሞ የሚሰማ ግን የለም። አንዳንድ ቀን የገዛ ድምፄን እረሳዋለሁ።»

በሳምንቱ መልሱ መጣ። «እማማ፣ ድምፅዎን ሰምቼው ባላውቅም ጽሑፍዎ ውስጥ አለ። እርስዎ ከረሱት እኔ አስታውስልዎታለሁ።»

ፋና ይህን ለአያቷ አላነበበችውም። እንዴት ታንብበው? የእሷ ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ «ከምግብ በኋላ ውሰዱት» ስትል የምትውል ልጅ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሰበችው ነገር ሰው መለሰላት። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ጥቂት መስመር የእሷ ሆነ፤ ከእያንዳንዱ መልስም ጥቂት መስመር ሳይነበብ ቀረ። እማማ አሰፋሽ «እሑድ መጥተህ አብረን እንስማ በይው» ባሏት ቀን፣ ከመጣ ሁሉም ነገር እንደሚገለጥ አውቃ ያቺን ዓረፍተ ነገር ዘለለቻት። በሚቀጥለውም ሳምንት ዘለለቻት። ከዚያ መመለሻ አጣች።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ከመብራት ኃይል ሰፈራቸው ወደ ፍራንኮ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ ለመሄድ ባጃጅ ውስጥ ገባች። አኮርዲዮን ይሰማል። መሐል ላይ ክሩ ተጎተተና የዘፋኙ ድምፅ ዘቅዘቅ ብሎ ተመልሶ ቀና። ያቺን እንከን በየትም ታውቃታለች።

«ድምፁ ከበዛብሽ ልቀንሰው እህት?» አለ ሹፌሩ።

«አይ፣ ተወው።»

በስፖኪዮው መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቀላ ያለ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ከሳቁ በፊት ዓይኑ የሚስቅ ልጅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሌላ ባጃጅ አሳልፋ የእሱን ትጠብቅ ጀመር። አንድም ቀን ስሟን አልነገረችውም።

በኅዳር ግን እንዲህ የሚል ደብዳቤ መጣ። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋን አጥፋ በክንዷ ይዛ ባጃጄ ውስጥ የምትገባ ልጅ አለች። ዘፈን ስከፍት ወደ ውጭ እያየች በከንፈሯ ግጥሙን ትከተላለች። እኔ በስፖኪዮ አያታለሁ። የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ ናት አሉኝ። እኔ የአገዳ ቆራጭ ልጅ ነኝ። ልናገር ወይስ ልተወው? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

በዚያው ሰሞን እናቷ ወይዘሮ ኦብሴ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆመው ከባጃጁ እየሳቀች ስትወርድ አይተዋት ነበር። «ከባጃጅ ሹፌር ጋር ምን ያሳስቅሻል? ሰው ምን ይላል?» አሏት። ፋና ከእናቷ ጋር መከራከር ተምራ አታውቅም። ያን ምሽት በአያቷ ስም ጻፈች፦ «ልጄ ተዋት። የእሷ ቤትና የአንተ ቤት አይተዋወቁም። ሳትጎዳ ተዋት።»

ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ባጃጁ ውስጥ ስትገባ ዘፈን የለም። ስፖኪዮው ወደ መንገዱ ዞሯል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ባጃጁ ራሱ በዚያ መስመር ጠፋ። በገዛ እጇ በሩን ዘግታ ውጭ የቀረችው እሷ ነበረች።

*

በጥር አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ኦብሴ ለእናታቸው ነገሩን ነገሯቸው። እማማ አሰፋሽ አዲስ አበባ ያለው ወንድ ልጃቸው ቤት ሊኖሩ ይሄዳሉ። የልብ ሐኪማቸው እዚያ ነው፤ በየሳምንቱ መመላለሱ ከብዷቸዋል። ሰኞ ይነሣሉ።

እማማ አሰፋሽ አልተከራከሩም። ልጃቸው ሲወጡ ግን ፋናን በጥላዋ አውቀው ጠሯት።

«ወረቀት አምጪ። የመጨረሻ ነው። ‘ጋሮምሳ ልጄ፣ አልተቀየምኩህም’ በይው። ‘አንድ ቀን እንኳ አለመምጣትህ ግን ደንቆኛል። ሽማግሌ በወረቀት ሲሆን ይጣፍጣል፣ በአካል ግን ይሰለቻል፤ አውቃለሁ’ በይው።»

ፋና አልጻፈችም። ብዕሩን አስቀምጣ፣ እጃቸውን ይዛ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ እንዲመጣ አልጠየቅኩትም። አንድም ቀን አልጻፍኩለትም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። የራሷን መስመሮች፣ የዘለለቻቸውን መልሶች፣ ስለ ነጭ ጋዋን የተጻፈውን፣ «ተዋት» ብላ የመለሰችውን። እማማ አሰፋሽ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ እጃቸውን ከእጇ አወጡ።

«እሑድ እሑድ ፀጉሬን ስትሠሪኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንደማይመጣ እያወቅሽ ነበር የምትሠሪኝ?»

«አዎ እማማ።»

«እኔ'ኮ አርጅቼ የማልፈለግ ሆንኩ ብዬ ነበር።»

ሌላ ምንም አላሏትም። ያን ቀን ፋና እንዲቆጧት፣ እንዲጮሁባት፣ እንዲያውም እንዲመቷት ተመኘች።

*

በማግስቱ ፍራንኮ ባጃጅ ተራ ሄዳ አገኘችው። ወንበሩን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ሲያያት ጨርቁ እጁ ላይ ቀረ።

«ወዴት ነሽ?» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

«የትም አይደለሁም። አንተን ላነጋግር ነው። ፋና እባላለሁ። የእማማ አሰፋሽ የልጅ ልጅ ነኝ።»

ፊቱ በራ። «የእማማ! ደህና ናቸው? አሟቸው ነው? ቀጥ ያለ ጽሑፍ ነው ያላቸው፣ በዚያ ዕድሜ…»

«ጽሑፉ የእኔ ነው» አለችው። «እሳቸው አያዩም። እኔ ነኝ የማነብላቸው፣ እኔ ነኝ የምጽፍላቸው። ከየገጹ ግርጌ ያሉት መስመሮች ደግሞ የራሴ ናቸው።» ድፍረቷ እንዳይከዳት ፈጠን ፈጠን አለች። «አራት ወር ሙሉ ‘መጥቶ ይጠይቀኝ’ ሲሉ አልጻፍኩትም። በየእሑዱ ለብሰው ጠብቀውሃል።»

«እኔ'ኮ…» አለ ጋሮምሳ። «ትልቅ ቤት ነው፣ ባጃጅ ነጂ በራቸው ላይ እንዲቆም አይፈልጉም ብዬ ነው ልምጣ ያላልኩት።» ከዚያ ሌላው ነገር መጣበት፤ ፊቱ ቀስ ብሎ ሲለወጥ አየችው። «ቆይ። ‘ተዋት’ ያለኝ ማነው?»

«እኔ።»

«ስለ አንቺ መሆኑን እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

ጨርቁን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ለእናቴ እንኳን ያልነገርኩትን ነው ለእሳቸው የጻፍኩት። የእናት ምክር ነው ብዬ ተቀበልኩ። መስመሬን ቀየርኩ። ፊት ለፊት አልፈልግህም ብትይኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አልፈልግህም ልልህ አልነበረም» አለች። እንባዋ መጣ። «እፈልግሃለሁ ማለት ስላቃተኝ ነው።»

ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው መጥተው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ጋሮምሳ ሞተሩን አስነሣ።

«ሰኞ አዲስ አበባ ይሄዳሉ» አለች ፋና በሞተሩ ድምፅ ላይ። «ከመብራት ኃይል ገባ ብሎ፣ አረንጓዴ በር ነው። ለእኔ ብለህ አይደለም። ለእሳቸው።»

ሳይመልስላት ሄደ። ፋና ‘የእጄን ነው ያገኘሁት’ ብላ በእግሯ ወደ ቤት ተመለሰች።

*

እሑድ አራት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ወይዘሮ ኦብሴ ከፈቱ። ጋሮምሳ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አሮጌ ቴፕ በብብቱ አቅፎ ቆሟል።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አሉ፣ ከእግር እስከ ራሱ እያዩት።

«እማማ አሰፋሽን። እንድመጣ ጠርተውኝ ነበር፤ ዘግይቼ ሰማሁ።»

«እናቴ ነገ መንገደኛ ናቸው፤ አሁን…»

«ኦብሴ!» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። «ይግባ! የእኔ እንግዳ ነው።»

ጋሮምሳ ገብቶ ጎንበስ አለ። «አካም ጂርቱ እማማ?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ ጋሮምሳዬ። አቲ ሆ?» እጃቸውን ዘርግተው እጁን ፈልገው ያዙት፤ መዳፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «መጣህ» አሉ። ጉንጫቸው ላይ እንባ ወረደ፤ አላበሱትም።

ቴፑ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ከአንድ ዘፈን በኋላ እማማ አሰፋሽ ፋናን ጠሩ። ከሐሙስ ወዲህ ስሟን ሲጠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ደብዳቤዎቹን አምጪያቸው። ለእኔ ተጽፈው ያልሰማኋቸውን ባለቤቱ ያንብብልኝ።»

ጋሮምሳ አንድ በአንድ አነበበላቸው። አንዳንዱ ላይ ሳቁ፣ አንዳንዱ ላይ «እንዴት ያለ ነገር ነው የደበቅሽኝ!» እያሉ ፋናን ተቆጡ። የኅዳሩ ደብዳቤ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄኛው ይቅር እማማ።»

«ለማን ነው የጻፍከው?»

«ለእርስዎ።»

«እንግዲያው አንብበው።»

ወይዘሮ ኦብሴ የሻይ ብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጋሮምሳ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ነጭ ጋዋን ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ። «እኔ የአገዳ ቆራጭ ልጅ ነኝ» የሚለውን ግን ቀና ብሎ፣ ወደ በሩ እያየ አነበበው። «…እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

ፋና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ እናቷ እያዩዋት እንደሆነ ሳታይ ታውቃለች።

«ስልክ ቤት ስሠራ» አሉ እማማ አሰፋሽ፣ «ማታ ማታ ከወፍጮው ክፍል አንድ መካኒክ ይደውልልኝ ነበር። ‘እመቤት፣ ሰዓት ስንት ነው?’ ይለኛል። እነግረዋለሁ። በማግስቱ ይደውላል። አባቴ የቢሮ ጸሐፊ ነበር፤ መካኒክ በቤቱ በር አያሳልፍም። አንድ ቀን የፋብሪካው ክበብ ውስጥ አኮርዲዮን ሲጫወቱ በድምፁ ለየሁት። እጁ ላይ ሰዓት አለ። ‘ሰዓት እያለህ ለምን ትጠይቀኛለህ?’ ብለው፣ ‘ሌላ የምጠይቅሽን ስለፈራሁ ነው’ አለኝ።»

«አባባ ነው?» አሉ ወይዘሮ ኦብሴ። ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ነበር።

«አባትሽ ነው። ቀልቤሳ ነው። አንቺ በኋላ በገዛቸው መኪናዎቹ ነው የምታውቂው፤ እኔ ግራሶ በነካው እጁ ነው የማውቀው። የሠርጋችን ዕለት እንኳ ከጥፍሩ አልለቀቀም ነበር።» ወደ ጋሮምሳ ዞሩ። «መልሴ ይኸውልህ ልጄ። ጠይቃት። እምቢ ካለችህ ሰምተህ ትሄዳለህ። በእኔ ስም ግን እኔ ሳላውቅ እምቢ አትባልም።»

ወይዘሮ ኦብሴ ሻዩን አመጡና ከጋሮምሳ ፊት አስቀመጡ። ሊመለሱ ዞረው ቆሙ።

«ምንጣፍ ላይ ምን ያስቀምጥሃል» አሉ፣ ሳያዩት። «ወንበር አለ'ኮ።»

ተነሥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ካሴት ሲያገላብጡ ዋሉ። ፋናን ግን አልጠየቃትም። ሲሄድም በዓይኑ ብቻ ነው የተሰናበታት፤ ዓይኑ ውስጥ ቅያሜም ነበር፣ ሌላ ነገርም ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቅቷት አደረች።

*

ሰኞ ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆሟል። ጋሮምሳ ባጃጁን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ የእማማ አሰፋሽን ሻንጣ ጫነ። ወይዘሮ ኦብሴ ከእናታቸው ጎን ገቡ፤ አድርሰዋቸው ማታ ይመለሳሉ።

እማማ አሰፋሽ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ። የፋናን ፊት ዳሰሱ፣ ቅንድቧን፣ አገጯን።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ይልቅ ከእንግዲህ አትዋሺኝ። የራስሽን ገጽ ጻፊልኝ። ሰው እዚያም አያጣም የሚያነብልኝ። አንተም የራስህን። ሁለት ፖስታ ነው የምጠብቀው፣ ሰማችሁ?»

«ሰምተናል እማማ።»

መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሙ። ከዚያ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በመካከላቸው የሚያነቡት ወረቀት፣ የሚደበቁበት ስም፣ የሚያወራላቸው ዘፈን የለም። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ባለሱቅ ደጇን ትጠርጋለች።

«ገና ተቀይሜሻለሁ» አለ ጋሮምሳ።

«አውቃለሁ።»

«ቶሎ የሚወጣልኝ አይመስለኝም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

እጁን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው። «ግን ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኳቸው ያንቺን መስመሮች ነበር። ያንቺ መሆናቸውን ሳላውቅ።» ቀና ብሎ አያት። «ፋና፣ ትፈልጊኛለሽ?»

«አዎ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አንሶ ለራሷ እንኳ አልሰማ አላት። ተናደደች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አንሶ በወጣው ድምፅዋ ተናደደች።

«አዎ!» አለች ደግማ። ባለሱቋ መጥረጊያዋን ይዛ ቀና አለች። ፋና አላፈረችም። የአያቷ መሄድ ደረቷን እየከፈለው፣ በዚያው ስንጥቅ ደግሞ ደስታ እየገባ፣ ለየቱ እያለቀሰች እንደሆነ ሳታውቅ አለቀሰች። ጋሮምሳ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት፤ አንድ ጊዜም ዓይኑን ከእሷ አላነሣም።